ከረሜላው ሐላል ነው፤ ሻጩስ ነፃ ነውን?

በከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ለልጆቻችን ጣፋጭ ስንገዛ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ለምደናል። «ጄላቲን አለበት ወይ? ካለበትስ ከምን እንስሳ የተሠራ ነው?» እንላለን። ማሸጊያውን ገልብጠን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እናነባለን፤ ያልገባንን የሚያውቅ ወንድም እንጠይቃለን፤ ካጠራጠረን እንመልሳለን። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ወላጅ ከተሸከማቸው አማናዎች አንዱን መወጣት ነውና ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

የሚያሳስበኝ ጥያቄያችን እዚያ ላይ መቆሙ ነው። የከረሜላው ይዘት ሐላል መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስለንም። ነገር ግን አለ። ይህ ከረሜላ ልጁን ያንቀው ይሆን? ይህንንስ አስቀድሞ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ገዢው ነውን? ሻጩ? አስመጪው? ወይስ የሠራው?

ጉዳዩን በምሳሌ ላስረዳ። ጃፓኖች ኮኛኩ የሚሉት፣ በሌላው ዓለም ኮንጃክ የሚባል ተክል አለ። ከሥሩ የሚገኘው ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ሲበስል ይረጋል። ከዚህ ዱቄት የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ጄሊ እየተሠራ በአንድ ጉርሻ ልክ በሆኑ ጥቃቅን የፕላስቲክ ኩባያዎች ይታሸጋል። አበላሉ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ክዳኑ ይላጣል፣ ኩባያው ጨመቅ ይደረጋል፣ ጄሊው ወደ አፍ ይመጠጣል። ማርጊያው ከተክል እንጂ ከእንስሳ አይደለም። ስለዚህ የተለመደውን የጄላቲን ጥያቄያችንን ያለ አንዳች እክል ያልፋል።

አደጋው ግን ከዚሁ ከማርጊያው ይነሣል። ከእንስሳ የሚሠራው ጄላቲን አፍ ውስጥ ሲሞቅ ይቀልጣል። የኮንጃክ ጄሊ በቀላሉ አይሟሟም። ሕፃኑ ኩባያውን በኃይል ሲመጥ ጄሊው ሳይታኘክ ተስፈንጥሮ ጉሮሮው ይደርሳል። ለስላሳና ተለጣጭ በመሆኑ የአየር ቧንቧውን ቅርጽ ይዞ እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ መንጋጋው ገና አልበቀለም ወይም ማኘክ አልለመደም፤ የሚያስልበት ጉልበትም ከአዋቂ ያንሳል። የአየር መተላለፊያ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ደግሞ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

በተለያዩ አገሮች ሕፃናት በዚህ ጄሊ ታንቀው ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ምርቱ ከውጭ እንዳይገባም ማገድ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ኮንጃክ ያለባቸውን የጄሊ ጣፋጮች አገደ። በ2004 ደግሞ ከባሕር አረምና ከሌሎች ማርጊያዎች የሚሠሩትን ጥቃቅን የኩባያ ጄሊዎች በእገዳው ጨመረ። ማርጊያው ቢለወጥም ቅርጹና አመጣጠጡ ያው ሆኖ አደጋው አልቀረምና ነው።

ለእኔ ትልቁን የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያስነሣው በጃፓን የሆነው ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከ15 የሚበልጡ ሰዎች፣ ሕፃናትና አዛውንት፣ በኮኛኩ ጄሊ ታንቀው ሞተዋል። በ2008 አንዲት አያት ቀዝቅዞ የጠጠረ ጄሊ ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። ልጁ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ታንቆ ሞተ። ለልጅ ልጃቸው ጣፋጭ የሰጡ አያት በዚያች ደቂቃ በልባቸው ከፍቅር በቀር ምን ነበር? ወላጆቹ አምራቹን ከሰሱ። ማሸጊያው ላይ ሕፃናትና አዛውንት እንዳይበሉት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ፍርድ ቤቱ ማስጠንቀቂያው በቂ ነው ሲል ክሱን ውድቅ አደረገ። በ2012 የኦሳካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸና።

የፍርድ ቤቱን የሕግ አተረጓጎም ለመተቸት አልተነሣሁም። ዳኛ የሚፈርደው በፊቱ ባለው ሕግ ነው። የእኔ ጥያቄ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ውጭ ያለው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ ያለ ሰው በአላህ ፊትና በሕሊናው ፊትም ነፃ ነውን?

መልሱን ለማግኘት ማስጠንቀቂያው ለማን እንደተጻፈ እንይ። ጽሑፉ የሚነገረው ማንበብ ለሚችል አዋቂ ነው። ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ ቅርጹና ጨዋታው ግን የሚናገሩት ለልጁ ነው። በአንድ ማሸጊያ ላይ ሁለት ድምፅ አለ ማለት ነው። ትልቁ ድምፅ ልጁን «ና!» ይለዋል፤ ትንሹ ድምፅ ወላጁን «ጠንቀቅ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሳንቲሙን ይዞ ሱቅ ደጃፍ የሚቆመው ልጁ ብቻ ነው። ነጋዴው ትልቁን ድምፅ ለልጁ ሸጦበት ሲያበቃ፣ አደጋ ሲደርስ ትንሹን ድምፅ ለመከላከያ ይጠቅሳል። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ማስጠንቀቂያው የሚያመለክተው ዕድሜም ሁልጊዜ አይጠብቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ እንደ ብብት ሽቶ አናቱ ላይ የሚሽከረከር ኳስ ያለው፣ ውስጡ ኮምጣጣ ፈሳሽ ከረሜላ የተሞላ ትንሽ ጠርሙስ በሰፊው ይሸጥ ነበር። ልጁ ኳሱን በምላሱ እያሽከረከረ ፈሳሹን ይልሳል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከአንድ ኩባንያ ብቻ 70 ሚሊዮን ያህሉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ምርቱ ከ2015 ጀምሮ ሲሸጥ የቆየ ነው። ምክንያቱ ኳሱ ተነቅሎ የልጁን ጉሮሮ ሊዘጋ መቻሉ ነው። በዚያው ወር ሌላ ኩባንያም ተመሳሳይ ምርቱን ሰበሰበ፤ በእርሱ ከረሜላ ግን በኒውዮርክ አንዲት ልጅ በኤፕሪል 2023 ሞታ ነበር። ዕድሜዋ 7 ዓመት ነው። «ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ አይሰጥ» የሚለው የተለመደ ጽሑፍ እርሷን ምን ይጠቅማታል?

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስገርም ሌላ ነገር አለ። ያው አገር እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው ሕግ በጣፋጭ ውስጥ የማይበላ ዕቃ መክተትን ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢጣሊያ የተጀመረው፣ ውስጡ መጫወቻ ያለበት «ኪንደር ሰርፕራይዝ» የተባለው የቸኮላት እንቁላል በዚህ ምክንያት እዚያ አይሸጥም። ሕጉ ከረሜላ ውስጥ ያለውን መጫወቻ አየ፤ ከረሜላ ላይ የተቀመጠው ኳስ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በየሱቁ ተሸጠ። በመጨረሻ እርምጃውን ያስታወቀውም የምግብ ተቆጣጣሪው ሳይሆን የሸማቾች ዕቃዎች ደህንነት ኮሚሽን ነው። የጃፓንም ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። የምግብ ሕጉ መመረዝንና ንጽሕናን ይመለከት ነበር እንጂ የምግብን ቅርጽና ጥንካሬ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አልነበረም። ይህን ክፍተት ይሞላል የተባለው የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በሴፕቴምበር 2009 ነው። ከዚህ የምረዳው ሕግ ሁልጊዜ ከአዲሱ ፈጠራ ወደኋላ እንደሚቀር ነው። ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ልጁን የሚጠብቀው የሻጩ ሕሊና ብቻ ነው።

ሕሊና ግን በብዙ እጅ መካከል እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት ወደ አንድ የቆየ ታሪክ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ በምትባል ከተማ የሆነ ነው። ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች እንደ ጄሶ ያለ ርካሽ ዱቄት ይቀላቅሉ ነበር። ጆሴፍ ኒል የተባለ ከረሜላ አቅራቢ ዱቄቱን እንዲያመጣ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ላከ። ባለመድኃኒት ቤቱ ታሞ ተኝቷል። ረዳቱ ዱቄቱ የት እንዳለ ጠይቆ በተነገረው መሠረት ሄደ፤ ነገር ግን ከተሳሳተ በርሜል 12 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ አርሴኒክ ቀድቶ ሰጠ። ከረሜላውን የሠራው ሰው እየሠራ ሳለ ታመመ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ከኒል የሚረከበው ቸርቻሪ ዊልያም ሃርዳከር ከረሜላው መልኩ እንደወትሮው አለመሆኑን አስተዋለ። ያንን ምክንያት አድርጎ ዋጋ አስቀነሰና ተረከበ። ቅዳሜ ኦክቶበር 30 በገበያ ሸጠው። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ታመሙ።

ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ረዳቱና አቅራቢው ተከሰሱ። ሁሉም ነፃ ወጡ። አንዳቸውም ሰው ለመግደል አላሰቡማ! ሆኖም ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ብናየው እያንዳንዱ ሰው ቆም ብሎ ሊጠይቅ የሚችልበት አንድ ቅጽበት ነበረው። ረዳቱ «ይህ በርሜል በእርግጥ ያ ነው?» ብሎ፣ ሠሪው «ለምን ታመምኩ?» ብሎ፣ ቸርቻሪው «መልኩ ለምን ተለወጠ?» ብሎ። በተለይ የቸርቻሪው ነገር ልብ ይነካል። ምልክቱን አይቷል፤ ያየውን ግን ለጥንቃቄ ሳይሆን ለዋጋ ቅናሽ ተጠቀመበት። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ በ1860 ምግብን ስለመበረዝ፣ በ1868 ደግሞ ስለ መድኃኒትና መርዝ አሻሻጥ ሕግ አወጡ። ሕጉ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው።

እንግዲህ «አላሰብኩትም» የሚለው መልስ በኢስላም ምን ቦታ አለው? በሸሪዓችን ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። በስህተት ጥፋት ያደረሰ ሰው እንዳሰበ ሰው በወንጀለኝነት አይያዝም፤ ካሳው ግን አይነሣለትም። በሱረቱ-ን-ኒሳእ አማኝን በስህተት የገደለ ሰው ለሟቹ ቤተሰብ ዲያ እንዲከፈልና ገዳዩም ከፋራ እንዲያደርግ ተደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ጥልቅ ትምህርት አለው። የገዳዩ ልብ ንጹሕ መሆኑ የሟቹን ሕይወት ርካሽ አያደርገውም። ከአሳቡ ጋር የአላህ ጉዳይ አለ፤ ከውጤቱ ጋር ደግሞ የሰው ሐቅ አለ። የኮንጃኩን ወይም የኳሱን ከረሜላ ዝርዝር ፍርድ ለዑለማእ እተዋለሁ። መሠረቱ ግን «አላሰብኩም» ማለት ብቻውን የሰውን ሐቅ እንደማያወራርድ ይነግረናል።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተም ሁላችንም ከምናውቀው ሐዲሥ ትምህርት እናገኛለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደዱ፤ ውስጡ እርጥብ ነበር። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ሻጩ ዝናቡን አላዘነበም። የተወቀሰው ጉድለቱን ገዢው በማያየው ቦታ ስላስቀመጠው ነው። አደጋን በማሸጊያው ጀርባ፣ በሰሊጥ ፊደል፣ ገዢው በማያውቀው ቋንቋ መጻፍ ከላይ ማድረግ ነው ወይስ ከሥር መቅበር? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ከዚህም አልፎ ገዢው ልጅ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በሻፊዒይ መዝሀብ ያልባለገ ልጅ ግብይት አይጸናም። በሐነፊይ መዝሀብ መለየት የጀመረ ልጅ ግብይት በአሳዳጊው ፈቃድ ላይ ይቆማል። በጥቃቅን ነገር ያቀለሉም አሉ፤ በየሰፈሩ ልጅ ለዳቦና ለጨው የሚላከው በዚሁ ልማድ ነው። የሕጉ ጥበብ ግልጽ ነው፤ ልጅ ጥቅሙንና ጉዳቱን ስለማይለይ በእርሱ ፋንታ የሚያስብ ወሊይ ያስፈልገዋል። እንግዲያው ወሊዩ በሌለበት ከልጅ እጅ ሳንቲም የሚቀበል ነጋዴ ለዚያች ቅጽበት በወሊዩ ቦታ ቆሟል ብዬ አምናለሁ። ትርፉን የወሰደ ማሰቡንም ወስዷል። በማሸጊያ ላይ የታተመ ዓረፍተ ነገር ይህን ሸክም ከትከሻው አያወርድለትም፤ የሚያወርድለት በዚያ ልጅ ቦታ የገዛ ልጁን አቁሞ ማየት ነው።

ይህን አሳብ በሰፈሬ ሱቅ ላለው አንድ ወንድም አጫውቼው ነበር። ሚዛን የማያጓድል፣ ሰላት የማያሳልፍ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ እኔ ከመርካቶ በካርቶን ነው የማመጣው፤ የተጻፈው ቻይንኛ ነው። እኔ ምኑን አውቄ?» አለኝ። ሐቁን ተናገረ። የጅምላ ነጋዴውን ብንጠይቀው ወደ አስመጪው፣ አስመጪውም ወደ ፋብሪካው እንደሚያመለክት አልጠራጠርም። የብራድፎርድ ሰንሰለት ይኸው ነው። ይሁንና ያ ወንድም ቻይንኛውን ባያነብም የሚያየው ነገር አለ። ኳሱ በጣት ሲነካ ይነቀላል ወይ? ጄሊው ሲጨመቅ ሳይፈርስ ይፈናጠራል ወይ? የአምራቹ ስምና የማብቂያ ቀኑ ተጽፏል ወይ? ይህን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የልጁ ጠባቂ ወላጁ ነው፤ ነጋዴውን ምን አድርግ ትለዋለህ?» የሚለው ነው። ወላጅ ተጠያቂ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና በመንጋችን እንደምንጠየቅ የሚያስተምረው ሐዲሥ አባትን ብቻ ጠርቶ አላቆመም። መሪውን፣ ባልን፣ ሚስትን፣ በአሠሪው ንብረት ላይ የተሾመውን አገልጋይ ሳይቀር ጠርቷል። የአንዱ እረኝነት የሌላውን አይሽረውም። ኃላፊነት እንደ ዳቦ ተቆራርሶ ለእያንዳንዱ ቁራሽ የሚደርስ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉው ይደርሰዋል። እናት ቤት ውስጥ ስለምትጠብቅ ባለሱቁ አያርፍም፤ ባለሱቁ ስለሚጠነቀቅም እናት አታርፍም።

ሁለተኛው «አጀሉ ደርሶ ነው፤ የአላህ ቀደር ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ልጁን ለቀበረ ወላጅ መጽናኛ ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም ያው ቃል ከነጋዴ አፍ ሲወጣ ማምለጫ ይሆናል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሕዝቡን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከቀደር ሽሽት መሆኑን ሲጠይቋቸው፣ መመለሳቸውም ራሱ በአላህ ቀደር ውስጥ መሆኑን አስረዷቸው። ጥንቃቄ ከቀደር ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። ቀደርን ከአደጋው በፊት ለስንፍና የሚጠቅስ ሰው ዑመርን አልተከተለም።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ ለሕሊና ብቻ አልተዉትም። በየገበያው የሚዞር ሙሕተሲብ ነበራቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት መመሪያ ከጋጋሪውና ከሥጋ ሻጩ ጋር ለሐልዋ ሠሪዎችም የራሳቸውን ምዕራፍ ሰጥተዋቸዋል። ጣፋጭ መሥራት የሚመረመር ሙያ ነበር ማለት ነው። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብን ደህንነት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለ። አጠራጣሪ ምርት ያየ ሰው ለእርሱ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከትም ይገባዋል። በክፉ የመከልከል ግዴታችን በመጠጥ ቤት ደጃፍ ብቻ አያበቃም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ «ጄላቲን አለበት ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አንተው፤ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ቁርኣን ስለ ምግብ ሲናገር ሐላልንና ጠይብን አጣምሮ ጠርቷል። የመጀመሪያውን ለመጠየቅ ተምረናል፤ ሁለተኛውን መለማመድ አለብን። ልጅ ከረሜላ አፉ ውስጥ ይዞ አይሩጥ፣ ተኝቶም አይብላ። የሚመጠጥ ጄሊና የሚነቀል ክፍል ያለው ጣፋጭ ለሕፃን አይሰጥ። ነጋዴ ወንድሞቻችን ደግሞ የማያውቁትን ዕቃ ለልጅ ከመሸጥ ትንሽ ትርፍ ይቅርባቸው። ያ ትርፍ በአንድ ከረሜላ ሳንቲም ነው። በሌላው ሚዛን ላይ የተቀመጠው የአንድ ልጅ ትንፋሽ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለንግዳችንም በረካ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።